በእርግዝና ጊዜ ማይግሬን ሲነሳ፤ ችግርና መፍትሄ

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የመጣ ወይም ጠባዩን የቀየረ ራስ ምታት

ይህን ያስቀደምሁት «የለመደብኝ ማይግሬን ነው» ብሎ መተኛት በጣም የሚያሰጋው እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። መንስኤው ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ወይም ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም አብሮት ሊታይ ይችላል፤ አንዳንዴ ግን ከራስ ምታቱ በቀር ምንም አይታይም።

መፍትሄው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊት መለካትና ሽንት ማስመርመር ነው። ግፊቱ 140/90 ከደረሰ ሐኪም ሳያይዎት ወደ ቤት አይመለሱ። ስጋቱ ከወሊድ በኋላም ለሳምንታት ይቆያል፤ የአራስን ራስ ምታት «ብርድ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ድንገት የፈነዳ ከባድ ሕመም፣ ትኩሳት ከአንገት መገተር ጋር፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የባሰ ማይግሬን

የሆርሞን ለውጡ ሳያንስ ማቅለሽለሹ ሆድን ባዶ ያደርጋል፤ ማስመለሱ የሰውነትን ውሃ ይጨርሳል። ጥቂት ጥቂት እየቆራረሱ መብላት፣ ውሃን በየመሐሉ መጎንጨት፣ የመኝታ ሰዓትን አለማዛባት ይረዳል። ጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ሙስሊም እናቶችም ለራሳቸው ወይም ለጽንሱ ከሰጉ ማፍጠር ተፈቅዶላቸዋል። ብዙዎች ከአራተኛው ወር ወዲህ ይሻላቸዋል።

ቡና በተዉ ማግሥት የጀመረ ሕመም

ማርገዟን ስታውቅ ቡናን በአንድ ቀን እርግፍ አድርጋ የምትተው ሴት ብዙ ናት። ሰውነት የለመደውን ካፌይን ሲያጣ ራስ ያማል። በቀን እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን ስለሚፈቀድ ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል፤ ከአቦሉ አንድ ስኒ ጠጥቶ ቶናውን ለጎረቤት መተው። ጤና አዳሙ ግን ይቅር፤ ማህፀንን ሊያነሳሳ ይችላል። ዕጣኑም ሕመሙን የሚቀሰቅስባቸው አሉና ባለቡናዋ ባትቀየም ጥሩ ነው።

ክኒን ተውጦም የማይለቅ ሕመም

አንዱ ምክንያት መዘግየት ነው። ፓራሲታሞል የሚሠራው ሕመሙ ሳይበረታ ሲወሰድ ነው፤ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ በአንድ ጊዜ 1 ወይም 2 ፍሬ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ ሳያልፍ። ሌላው መብዛት ነው፤ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ የሚዋጥ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል።

አልለቅ ሲል ብዙ ሰው ወደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ይዞራል። በተለይ ከ20ኛው ሳምንት ወዲህ የጽንሱን ኩላሊት ስለሚጎዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይነኩም። ኤርጎታሚን የተባለው የማይግሬን መድኃኒት ማህፀንን ስለሚያኮማትር ጨርሶ ክልክል ነው። ለመከላከያ ቫልፕሮኤት የሚወስዱ ከሆነም ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪምዎን ያግኙ፤ ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። የማይግሬን መድኃኒት የሆነውን ሱማትሪፕታንና ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠውን ሜቶክሎፕራማይድ ሐኪም አይቶ ሊያዝልዎት ይችላል፤ ስለዚህ እየተሠቃዩ መቻል አይጠበቅብዎትም።