የኤንኤፍኤልን ሲዝን ከጎንደር ሆኖ መከታተል፦ ሰዓት፣ ቡድን፣ ሰንጠረዥ

ኤንኤፍኤል የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ነው። እዚህ አገር እሱን መከታተል ጀምሮ መሀል ላይ የሚተወው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚተወው ሕጉ ከብዶት አይደለም፤ እንቅልፍ አሸንፎት ነው። ስለዚህ ቡድን ሲመረጥ ከዋንጫው በፊት የሚታየው የጨዋታ ሰዓቱ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ የሚወጣው በኒውዮርክ ሰዓት ነው። በዚያ ላይ 1 ደምሩ፤ የምታገኙት ቁጥር በቀጥታ የሀበሻ ሰዓት ነው። እሑድ ከቀትር በኋላ 1:00 የሚለው ጨዋታ ጎንደር ላይ ከምሽቱ 2:00 ይጀምራል። የ4:25ቱ ከሌሊቱ 5:25፣ የማታው የ8:20 ጨዋታ ደግሞ ከሌሊቱ 9:20 ነው። የእነሱ ጠዋት የእኛ ከሰዓት፣ የእነሱ ከሰዓትና ማታ የእኛ ምሽትና ሌሊት መሆኑን ብቻ ያዙ። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ፣ አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፍጻሜው የሚደመረው 2 ነው። ይህን የረሳ ሰው በዚያ ሳምንት አንድ ሰዓት ሙሉ ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጣል።

ሌላው ስህተት ከስልክ የሚመጣ ነው። የሊጉ አፕ ሰዓቱን ወደ ስልካችሁ አቆጣጠር ለውጦ ሊያሳያችሁ ይችላል። ማታ 8:00 ካላችሁ መደመር አያስፈልግም፤ 6 ቀንሱና 2:00 ነው። ድር ላይ ያያችሁትንና አፑ ያሳያችሁን አታደባልቁ።

ቀኑንም ተጠንቀቁ። «ሰኞ ኖቬምበር 17፣ ማታ 8:15» የሚል መስመር ብታገኙ ሰዓቱ 2 ተደምሮበት 10:15 ይሆናል፤ ቀኑ ሰኞ ኅዳር 8 ለማክሰኞ አጥቢያ ነው። ስልኩ ግን «ማክሰኞ» ብሎ ይጽፈዋል። ማክሰኞ ማታ ቡና አፍልቶ ለተቀመጠ ሰው ውጤቱ ከወጣ ውሏል። ማስታወሻ ላይ «ለማክሰኞ አጥቢያ» ብሎ መጻፍ ከዚህ ያድናል።

አሁን ወደ ቡድን። ካንሳስ ሲቲና ዳላስ ዝነኛ ናቸው፤ ዝነኛ በመሆናቸውም ቴሌቪዥኑ ለማታው ፕሮግራም ይሻማባቸዋል፣ ያ ማለት ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። የምዕራቡ ዳርቻ ቡድኖች፣ ሲያትል፣ ሳን ፍራንሲስኮና የሎስ አንጀለስ ሁለቱ፣ ሜዳቸው ላይ ሲጫወቱ በአብዛኛው ከሌሊቱ 5 ወይም 6 ሰዓት ነው የሚጀምሩት። ለጎንደር የሚመቸው ምሥራቅ ያለ፣ ብዙ የማይወራለት ቡድን ነው፤ አብዛኛውን እሑዱን ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ይጫወታል። ጃክሰንቪል አንድ ተጨማሪ ጥቅም አለው፦ በፈረንጆቹ ከ2013 እስከ 2025፣ ከ2020 በስተቀር፣ በየዓመቱ ለንደን ሄዶ ተጫውቷል። የለንደን ጨዋታ ጠዋት 9:30 ሲባል እዚህ ከቀኑ 10:30 ነው፤ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጡ የሚታይ። ቡድናችሁ ጥሩ ከሆነ ግን ተዘጋጁ፤ ሊጉ የእሑድ ጨዋታን ወደ ማታ ሊያዞር ይችላል፣ ብዙውን ጊዜ 12 ቀን፣ መጨረሻው አካባቢ 6 ቀን ብቻ ቀድሞ በማሳወቅ። ግንቦት ላይ የወጣውን ፕሮግራም አትመው ግድግዳ ላይ ከለጠፉ በኋላ ዞር ብሎ አለማየት ዋጋ ያስከፍላል። በየሳምንቱ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አንዴ አረጋግጡ።

ለማየት ዲኤስቲቪ ቤት ላይ ብዙ ተስፋ አታድርጉ። እሑድ ማታ የአውሮፓ እግር ኳስ እያለ ባለቤቱ ለአንድ ሰው ብሎ ቻናል አይቀይርም፣ ቢቀይርም ቤቱ ይጮህበታል። ከአሜሪካ ውጭ ሙሉ ሲዝኑን የሚሸጠው ጌም ፓስ የተባለው የሊጉ የኢንተርኔት አገልግሎት ነው፤ ከ2023 ጀምሮ ዳዝን በሚባለው የስፖርት ማሰራጫ በኩል ይቀርባል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ተራው የብር ካርድ አይሠራም፣ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ ከሌለ እዚሁ ላይ ይቆማል። አንድ ጨዋታ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በ480 ጥራት ወደ 2 ጊጋባይት ዳታ አዘጋጁ። ሙሉውን ማየት ግዴታ አይደለም። በ40 ደቂቃ የተጨመቀ ቅጂ ጌም ፓስ ላይ አለ፣ የሊጉ ዩቲዩብ ቻናልም አጫጭር ቅንጭብ በነፃ ይለቃል። የ9:20ን ጨዋታ ተኝቶ አድሮ ጠዋት የተጨመቀውን ማየት ብልህነት ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ግን የስፖርት ገጾችን ማሳወቂያ ዝጉ፤ ካልዘጋችሁ ውጤቱ ከስልኩ አናት ላይ ይጠብቃችኋል።

ሕጉን ለማስጀመር ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚጻፈውን ማንበብ ይበቃል። «3ኛ እና 8» ካለ፣ አጥቂው ቡድን ሦስተኛ ሙከራው ላይ ነው፣ 8 ያርድ ይቀረዋል። በ4 ሙከራ 10 ያርድ፣ 9 ሜትር ገደማ፣ ካልሄደ ኳሱ ለተጋጣሚው ያልፋል። ስለዚህ በሦስተኛው ካልተሳካለት ብዙውን ጊዜ በአራተኛው ርቆ ይለጋዋል፣ ወይም ወደ ጎሉ ከቀረበ ለ3 ነጥብ ይለጋል። ተችዳውን፣ ማለትም ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ፣ 6 ነጥብ ነው። ሌላው በማየት ይመጣል።

ሰንጠረዡ ላይ ግን እግር ኳስ የለመደ ሰው ይሳሳታል፤ ለድል 3 ነጥብ የለም። 32 ቡድኖች በሁለት ኮንፈረንስ፣ እያንዳንዱ ኮንፈረንስ አራት ቡድን ባላቸው አራት ዲቪዥኖች ተከፍሏል። በ18 ሳምንት 17 ጨዋታ፣ አንድ ሳምንት ዕረፍት። «11-6» ማለት 11 ድል፣ 6 ሽንፈት ነው። ከየኮንፈረንሱ 7 ቡድን ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፋል፤ የዲቪዥን አሸናፊዎች አራቱ ውጤታቸው ምንም ይሁን ከ1 እስከ 4 ያለውን ደረጃ ይይዛሉ። በ2024 ሲዝን ሚኒሶታ 14-3 ጨርሶ በዚያው ዲቪዥን ያለው ዲትሮይት 15-2 ስለነበር 5ኛ ሆኖ ከሜዳው ውጭ ተጫወተ፣ ተሸነፈም። በፈረንጆቹ 2010 ሲያትል በ7-9 ዲቪዥኑን አሸንፎ 11-5 የነበረውን ኒው ኦርሊንስ ሜዳው ላይ ጠብቆ 41-36 ረታው። እንግዲህ የምትቆጥሩት ጠቅላላውን ሳይሆን መጀመሪያ የዲቪዥናችሁን ነው፦ ከሦስቱ ጎረቤቶች ጋር ደርሶ መልስ 6 ጨዋታ አለ፣ እኩል ሲሆኑ የሚለየውም በቅድሚያ እርስ በርስ የተገናኙበት ውጤት ነው። ሌሊት ሊነቃላቸው የሚገባ ጨዋታዎች ካሉ እነዚህ ናቸው።

ለእሑድ ጨዋታ የጉዳት ዝርዝሩ አርብ ይጠናቀቃል። «አውት» የተባለ አይሰለፍም፣ «ዳውትፉል» ከስንት አንዴ ይሰለፋል፣ «ኩዌስችነብል» እስከ መጨረሻው አይታወቅም። የቁርጡ ስም ዝርዝር ጨዋታው ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀር ይወጣል፤ ለ2:00ው ጨዋታ 12:30 ላይ ማለት ነው። ኳርተርባኩ፣ ማለትም ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች፣ ከሌለ ሌሊቱን ለእንቅልፍ ስጡት።

ሲዝኑ በጳጉሜን አካባቢ ይጀመርና መደበኛው ክፍል በገና ሰሞን ያልቃል። ሁለተኛው የጥሎ ማለፍ ዙር ከጥምቀት ጋር ይገናኛል፤ በእኛ 2018 ዓ.ም. እሑዱ ከተራ ላይ ውሎ ነበር። ፋሲለደስ መዋኛ ዘንድ ለሚያድር ሰው እንቅልፍ ማጣቱ ያው ነው፣ ግን ሕዝብ በተጠጋጋበት ኔትወርክ ስለማይታመን ቀጥታ ለማየት አትሞክሩ፣ ውጤቱን በጽሑፍ ተከታተሉ። ፍጻሜው፣ ሱፐር ቦውል፣ በፌብሩዋሪ ሁለተኛ እሑድ፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8:30 ነው። የዕረፍቱ ሙዚቃ ከተለመደው ዕረፍት ስለሚረዝም ሲያልቅ 12 ሰዓት አልፎ ይነጋል። ፓወርባንኩን ከዋዜማው ሙሉ፣ የሰኞ ጠዋት ፈቃዱን ደግሞ አርብ ጠይቁ።