ከአዳማ ወደ ሎንግየርብየን፦ ፀሐይ በማትወጣበት ወቅት ለመኖርና ለመሥራት የሚያስፈልግ ዝግጅት

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ ሎንግየርብየን ለሥራ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊያስተካክለው የሚገባው «ክረምት» ለሚለው ቃል ያለውን ግንዛቤ ነው። በእኛ ዘንድ ክረምት የዝናብና የጭቃ ወቅት ሲሆን፣ የሎንግየርብየን ከተማ በምትገኝባቸው፣ በኖርዌይ ሥር በሚተዳደሩት የስቫልባርድ ደሴቶች ግን ክረምቱ የሚበረታው እኛ በጋ በምንለው ጊዜ፣ ገናና ጥምቀት በሚከበሩባቸው ወራት ነው። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 78 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም፤ በኅዳር፣ በታኅሣሥና በአብዛኛው ጥር ደግሞ እኩለ ቀኑ ራሱ ጨለማ ነው። ጓዙን የሚሸክፍ ሰው ሁሉ ስለ ብርዱ ይጨነቃል፤ እኔ ግን ለጨለማው መዘጋጀት ይቀድማል እላለሁ፤ ምክንያቱም ብርዱን በልብስ መከላከል ሲቻል፣ ቀኑን ከሌሊቱ የሚለየው ሥርዓት ግን ከነዋሪው ከራሱ የሚጠበቅ ነው።

በደሴቶቹ ላይ ለመኖርና ለመሥራት የየትኛውም አገር ዜጋ ቪዛ አይጠየቅም። ይህን ብቻ ሰምቶ መነሣት ግን አደገኛ ነው፤ ጉዞው በኦስሎ ወይም በትሮምሶ በኩል ስለሚያልፍ፣ ለመሄድም ለመመለስም የሚያገለግል፣ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ (ኖርዌይን ጨምሮ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚቀበሉት የመግቢያ ፈቃድ) ያስፈልጋል። ራሱን ማስተዳደር ያልቻለን ሰው አገረ ገዥው ከደሴቶቹ ሊያስወጣው ይችላል፤ መኖሪያ ቤትም እጅግ ውስን ከመሆኑ በላይ አብዛኛው በአሠሪዎች እጅ ነው። ስለዚህ በሆቴል ጽዳትም ሆነ በወጥ ቤት ሥራ የሚቀጠር ሰው ውሉን ሳይፈርምና መኖሪያ ቤት በውሉ መካተቱን ሳያረጋግጥ ትኬት መግዛት የለበትም። በዚያ የሚቆጠሩት ዓመታት በኖርዌይ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ለማግኘት እንደማያገለግሉም ከወዲሁ ይወቅ።

እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከፀሐይ መውጣትና መግባት ተነሥተን ነው፤ ፀሐይ በሌለበት አገር ይህ ልማድ መነሻውን ያጣል። በሥራ መርሐ ግብር ላይ 08፡00 ተብሎ የተጻፈው የእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ስለሆነ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ስልክንም አነጋገርንም በአገሩ አቆጣጠር ማድረግ ከስሕተት ያድናል። በዕረፍት ቀንም ቢሆን በተወሰነ ሰዓት መነሣት፣ እንደ ነቁ 10,000 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) ብርሃን በሚሰጥ መብራት አጠገብ ለግማሽ ሰዓት ያህል መቀመጥ፣ ቡናንም ጠዋት አፍልቶ ከቀትር በኋላ መተው እንቅልፍን ይጠብቃል። ቡናውን ብቻ ከመጠጣት ጎረቤትን መጥራት ይሻላል፤ በጨለማው ወራት ከክፍል ሳይወጡ መዋል ቀላል ነውና። ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ብርሃን ሲሆን፣ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ከነጩ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት በደም ምርመራ መጠኑን ማወቅና ከሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል፤ ኅዳር 15 ቀን የሚገባው ጾመ ነቢያት በጨለማው መካከል ስለሚውል፣ ወተትና እንቁላል የሚተው ጿሚ ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር።

ወደ ልብሱ ስንመጣ፣ በአዳማ ምሽት የሚያሞቀን ጋቢ ለዚያ አገር ደጅ አይሆንም። ጥጥ ላብን ይዞ ስለሚቆይ፣ ሰውየው ሥራውን ጨርሶ በቆመ ጊዜ ርጥበቱ ሙቀቱን ያሳጣዋል። ከሰውነት የሚገናኘው ልብስ ከሱፍ የተሠራ፣ የመካከለኛው ሙቀት የሚይዝ፣ የላይኛው ደግሞ ነፋስ የማያሳልፍ ይሁን፤ ጋቢው ለቤት ይቀመጥ። ጫማው ወፍራም ካልሲ ለብሰውም ጣት የሚያንቀሳቅስ ስፋት ይኑረው። የአዳማ ሰው በኮረብቶቹ ላይ ያሉትን ተርባይኖች የሚያዞረውን ነፋስ ያውቃል፤ እዚያ ግን ነፋስ አቧራ ከማንሣት አልፎ የሰውነትን ሙቀት ይገፍፋል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ቀን በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በቆዳ ላይ የሚሰማውን ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች 34 ዲግሪ ያህል ያደርገዋል። ስለዚህ የሙቀት መጠኑን ብቻ ሳይሆን የነፋሱንም ፍጥነት ሳያዩ አይውጡ። ጣት፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ ነጥቶ ከደነዘዘ፣ በበረዶ ማሸትም ሆነ ወደ እሳት ማስጠጋት ቆዳውን ይጎዳል፤ ወደ ቤት ገብቶ ጣትን በብብት ማሞቅ፣ ስሜቱ ካልተመለሰ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። ስልክም በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ በውስጥ ኪስ ይያዝ።

ከከተማዋ ክልል ውጭ የዋልታ ድብ ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ድብን ማባረሪያ መሣሪያ መያዝ በሕግ ግዴታ ነው፤ አዲስ ሰው ልምድ ካለው ሰው ጋር ካልሆነ ከከተማ አይውጣ። ከተራራው ሥር ያሉ ቤቶችም የበረዶ ናዳ ሊያሰጋቸው ይችላል፤ በታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. በከተማዋ ውስጥ የደረሰው ናዳ የሁለት ሰዎችን ሕይወት አጥፍቷል፤ ስለዚህ የመልቀቅ ትእዛዝ ሲሰጥ ዕቃ ለመሰብሰብ መዘግየት አይገባም። በብዙ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከከሰል ማዕድን ዘመን በቀረ ልማድ ጫማ በር ላይ ስለሚወለቅ፣ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማ መያዝ ይጠቅማል።

ተራሮች ስለሚጋርዷት፣ ፀሐይ በከተማዋ ላይ የምትታየው በየካቲት መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ ነዋሪዎቹም ተሰብስበው ይቀበሏታል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከበረዶው ላይ ተንጸባርቆ ዓይንን ስለሚያቆስል፣ ከአዳማ ሲነሡ ጥሩ የፀሐይ መነጽር በሻንጣው ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ።