አራት ሉክ ይዞ መውጣት፦ የ4 በ5 ኢንች ካሜራ በመሐል አዲስ አበባ

የ4 በ5 ኢንች ካሜራ፣ ማለትም በተናጠል ሉክ ፊልም የሚያነሳውን ትልቅ ካሜራ፣ ይዛችሁ ከቤት ስትወጡ መጀመሪያ የምትወስኑት የፊልሙን ብዛት ነው። ሁለት ሆልደር (የፊልም መያዣ) ያዙ። አንድ ሆልደር በፊትና በጀርባው አንድ አንድ ሉክ ፊልም ስለሚይዝ በቀኑ አራት ፎቶ አላችሁ ማለት ነው። ስድስትና ስምንት ሆልደር የተሸከመ ሰው በዲጂታል እንደለመደው «ለማንኛውም አንድ ልጨምር» ማለቱ አይቀርም፤ ያኔ ከትልቁ ካሜራ የሚተርፈው ሸክሙ ብቻ ነው። አራት ሉክ ያለው ሰው ግን ትራይፖዱን ከመዘርጋቱ በፊት ማሰብ ግድ ይሆንበታል።

ካሜራው ከቦርሳ ሳይወጣ

ጠንከር ያለ ካርቶን ላይ 9.5 በ12 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስኮት ቁረጡ። በ4 በ5 ፊልም ላይ ምስሉ የሚያርፍበት ስፋት ይኸው ነው፤ የቀረውን ጠርዝ ሆልደሩ ይሸፍነዋል። በካርቶኑ ላይ ክር እሰሩና ከካርቶኑ 15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቋጥሩት። ቋጠሮውን ከዓይናችሁ ሥር ጉንጫችሁ ላይ አስነክታችሁ፣ ክሩን ወጥራችሁ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመስኮቱ ስትመለከቱ የምታዩት 150 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያየውን ነው። ለ90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቋጠሮው 9 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ለ210 ደግሞ 21 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን።

በዚህች ካርቶን ብቻ ከብሔራዊ ቴአትር እስከ ለገሀር፣ ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ እስከ ፒያሳ መሄድ ይቻላል። አንድ ቦታ ሲጥማችሁ አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ቀኝ ሂዱ፤ ቁጢጥ በሉ፤ ከዚያ ቆሙ። የመብራት ምሰሶው ከሐውልቱ ጋር ተጣብቆ የሚታየውና የሚላቀቀው በእነዚህ ጥቂት እርምጃዎች ነው። የቆማችሁበትን ቦታ፣ የካሜራውን ከፍታና ሰዓቱን ጻፉ። ካሜራው ሌላ ቀን ሊመጣ ይችላል።

ሰዓቱ የሚጻፍበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በጠዋት ወደ አናት የምትወጣው ፈጥና ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ያለው ብርሃን ከላይ ስለሚወርድ የሰው የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፤ በረንዳ ሥር ያለው ሁሉ በጥላ ይዋጣል። ለመንገድና ለሕንፃ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ወዲህ ይሻላል። የእሑድ ጠዋት መንገዱም ጭር ይላል።

የሕንፃውን አቅጣጫም አስቡ። የለገሀር ባቡር ጣቢያ ፊቱን ወደ ሰሜን፣ ወደ ቸርችል ጎዳና ነው የሰጠው። የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል የምትሆነው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ክረምት ነው። ስለዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ወቅት፣ የጣቢያው ፊት ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ጥላ ውስጥ ይውላል፤ ከኋላው ያለው ሰማይ ደግሞ ያበራል። በጥቁርና ነጭ ፊልም ይህን ለማስታረቅ ከመሞከር ቀጭን ደመና ያለበትን ጠዋት መጠበቅ ይቀላል። በቸርችል ሌላኛው ጫፍ ያለው ማዘጋጃ ቤት ወደ ደቡብ ስለሚያይ በበጋ ፀሐይ አይቸግረውም።

ፊልም መጫን

ጨለማ ክፍል ከሌላችሁ ማታ መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት ይበቃል። መብራት አጥፍታችሁ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፤ እጃችሁን ማየት ከቻላችሁ ፊልሙም ያያል። በበጋ አቧራው ብዙ ስለሆነ ሆልደሩን በለስላሳ ብሩሽ ከጠረጋችሁ በኋላ ወለሉንና ግድግዳውን ትንሽ ውኃ እርጩበት። አንዲት የአቧራ ቅንጣት በኔጋቲቩ ላይ ብርሃን ትከልላለች፤ ሲታተም ጥቁር ነጥብ ሆና ትወጣለች።

በሉኩ ጥግ ላይ በጣት የሚዳሰሱ ትናንሽ ጥርሶች አሉ። ሉኩን አቁማችሁ ስትይዙት ጥርሶቹ በላይኛው ቀኝ ጥግ ከሆኑ ብርሃን የሚቀበለው ገጽ ወደ እናንተ ዞሯል። ሉኩ ከሁለቱም ጎን ባሉት ሐዲዶች ሥር መግባቱን በጣት አረጋግጡ፤ አንዱ ጎን ከሐዲዱ በላይ ከቀረ ስላይዱ (ፊልሙን ከብርሃን የሚከልለው ተንሸራታች ሽፋን) ሲገባ ፊልሙን ይፍቀዋል። የስላይዱ ነጭ ጠርዝ ወደ ውጭ ሲሆን ፊልሙ ገና አልተነሳበትም፣ ጥቁሩ ወደ ውጭ ሲሆን ተነስቶበታል ማለት ነው። ነጩ ላይ በጨለማ የሚዳሰሱ ጉብጉብታዎች አሉ። ይህን ምልክት ያልጠበቀ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ሉክ ላይ ሁለት ፎቶ ማንሳቱ አይቀርም።

ካሜራውን መትከል

ትራይፖዱን ዘርግታችሁ አንዱን እግር ወደምታነሱት ነገር አቅኑ፤ ሁለቱ እግሮች መካከል እናንተ ትቆማላችሁ። ከዚያ ውኃ ልክ። ካሜራው ላይ ያለው የውኃ ልክ ጠብታ ትንሽ ከሆነ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን አጭር ውኃ ልክ ማያ መስታወቱን በያዘው የኋላ ፍሬም ላይ አስደግፉ። የኋላ ፍሬሙ ቀጥ ብሎ እስከቆመ ድረስ የሕንፃው ምሰሶዎችም ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ካሜራውን ወደ ላይ ካዘነበላችሁት ግን ወደ ውስጥ ይጋደማሉ።

ምስሉን በመስታወቱ ላይ ለማየት የሚከናነቡትን የጥቁሩን ጨርቅ ነገር ብዙ ሰው ይንቃል። በዚህ ከፍታ የቀን ፀሐይ ላይ ጥቁር ጨርቅ ሥር አሥር ደቂቃ መቆየት ስለሚያስቸግር ሰው ፎከሱን ሳያጣራ ይወጣል። 1.2 በ1.5 ሜትር የሆነ ጥቁር ጥጥ ጨርቅ ገዝታችሁ በውጭ በኩል አቡጀዲ አስደርቡበት፤ ልብስ ሰፊ በቀላሉ ይሠራዋል። በአራቱም ጥግ እጥፋት ውስጥ ሳንቲም ይሰፋበት፤ አለዚያ የከሰዓቱ ነፋስ ሌንሱ ላይ ያለብሰዋል።

በመስታወቱ ላይ ምስሉ ተዘቅዝቆና ግራ ቀኙ ተገልብጦ ይታያል። አትቸኩሉ። የተዘቀዘቀ ምስል ሰው መሆኑን፣ ሕንፃ መሆኑን ያስረሳና ቅርጹን ብቻ ያሳያል፤ ባዶ የቀረ ጥግ ወይም በጠርዙ የገባ የታክሲ አፍንጫ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። አራቱን ጠርዞች በተራ፣ ጥግ ጥጉን እያያችሁ ዙሩ። ፎከሱን ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ በአጉሊ መነጽር አድርጉ።

የሕንፃው ጫፍ ከተቆረጠ ካሜራውን ወደ ላይ አታዘንብሉ፤ ሌንሱን የያዘውን የፊት ፍሬም ወደ ላይ አንሱ። ጫፉ በመስታወቱ ታች በኩል ይገባል። ይህም ወሰን አለው። 150 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቁመት በተያዘ ፊልም ላይ፣ ፍሬሙ 25 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የንግድ ባንክ ማማ በሙሉ ለመያዝ 350 ሜትር ያህል መራቅ ይጠይቃል፤ ፍሬሙ ካልተነሳ 500 ሜትር። በመሐል ከተማ ያን ያህል ክፍት ቦታ ስለማይገኝ ወይ 90 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዙ፣ ወይ ማማውን ተዉና አጠገቡ ያለውን የቆየውን ክብ ሕንፃ አንሱ፤ እሱ ለዚህ ካሜራ የተመቸ ነው። ፍሬሙን ካነሳችሁ በኋላ የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 22 (ጠባብ የቀዳዳ መጠን) ላይ አጥብባችሁ በመስታወቱ የተቆረጡ ጥጎች በኩል አጮልቃችሁ እዩ። የሌንሱ ቀዳዳ ሙሉ ሆኖ ካልታየ ጥጉ ጠቁሮ ይወጣል።

የእግረኛ መንገዱ ንጣፍ ከእግራችሁ ሥር ጀምሮ እስከ ሩቅ ጥርት ብሎ እንዲወጣ ከፈለጋችሁ የፊት ፍሬሙን ወደፊት አዘንብሉ። ካሜራው ከመሬት 1.5 ሜትር ከፍ ካለና ሌንሱ 150 ከሆነ 6 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ሩቁን ፎከስ አድርጉ፣ ቅርቡ እስኪጠራ አዘንብሉ፣ ወደ ሩቁ ተመለሱ፤ ሁለት ሦስቴ ደጋግሙት። ጀማሪ ሁሉ ከልክ በላይ ያዘነብላል፤ ያኔ ንጣፉ ይጠራና የዛፉና የሕንፃው አናት ይደበዝዛል።

ብርሃን መለካት

ዝርዝሩ እንዲታይ የምትፈልጉትን ጥላ በላይት ሜትር (በብርሃን መለኪያ) ለኩና ከንባቡ ሁለት ስቶፕ ቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው። ለምሳሌ የጣቢያው በር ጥላ በኤፍ 22 1/4 ሰከንድ ካለ 1/15 አድርጉት። ቀጥሎ ደመናውን ለኩ። ደመናው በዚያው ኤፍ 22 1/125 ካለ ልዩነቱ ሦስት ስቶፕ ነውና በመደበኛ እጥበት ይያዛል። 1/500 ካለ አምስት ስቶፕ ነው፤ ወይ የእጥበቱን ጊዜ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀንሱ፣ ወይ ብርሃኑ እስኪለዝብ ቁጭ በሉ። ሁለተኛው ይሻላል። ቢጫ ፊልተር ከተጨመረ ጊዜው በእጥፍ ይጨምራል።

የማንሻው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በላይ ሲሆን ፊልሙ ብርሃን ለመቀበል ይሰንፋል። በኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስ ፊልም ላይት ሜትሩ 4 ሰከንድ ካለ 6፣ 10 ካለ 20፣ 30 ካለ 86 ሰከንድ ስጡት። ከፀሐይ መጥለቅ በኋላ ያለው የማምሻ ብርሃን እዚህ 20 ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሆነ በአንድ ምሽት ከአንድ ቦታ በላይ አታቅዱ።

የማንሻው ቅደም ተከተል

ብዙው ሉክ የሚባክነው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለዋወጥ። ሌንሱን ወደ ኤፍ 22 አጥብቡ፤ ሻተሩን (የሌንሱን የብርሃን መዝጊያ) ዝጉ፤ ፍጥነቱን አስገቡና አንዴ ያለ ፊልም ተኩሱት፤ እንደገና ወጥሩት። በሌንሱ በኩል ዓይታችሁ መዘጋቱን አረጋግጡ። ሻተሩ ክፍት ሆኖ ስላይዱ ከተሳበ ፊልሙ ወዲያው ይቃጠላል። ሆልደሩን በአንድ እጅ የኋላ ፍሬሙን ደግፋችሁ አስገቡ፤ እየገፋችሁ ካስገባችሁት ያጣራችሁት ፎከስ ይንሸራተታል። ስላይዱን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፤ በአንድ ጥግ አጋድሞ መሳብ ብርሃን ያስገባል። ከዚያ አሥር ሰከንድ ጠብቁ። ወናፉ (ሌንሱንና የኋላ ፍሬሙን የሚያገናኘው ተጣጣፊ ሽፋን) ይረጋል፣ በአጠገቡ ያለፈው የጭነት መኪና ወይም የቀላል ባቡሩ ንዝረት ይበርዳል። በሻተር ገመዱ ተኩሱ፣ ስላይዱን ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርጋችሁ መልሱ፣ ጻፉ፦ የሆልደር ቁጥር፣ የጥላውና የደመናው ንባብ፣ ኤፍ፣ ጊዜ፣ ፍሬሙ ስንት እንደተነሳ።

የሆልደሩን ሁለተኛ ገጽ እዚያው ላይ በዚያው መጠን ድገሙት። መጀመሪያ አንዱን ብቻ አጥባችሁ ኔጋቲቩን ካያችሁ በኋላ የሁለተኛውን የእጥበት ጊዜ ታስተካክላላችሁ። በዚህ ስሌት አራቱ ሉክ ሁለት ፎቶ ናቸው፤ ለአንድ ጠዋት ይበቃል።

ሰውና ጥበቃ

ትራይፖድ ላይ የቆመ ትልቅ ካሜራ ሲያዩ ሰዎች «ቀያሽ ናችሁ እንዴ?» ማለታቸው የተለመደ ነው። በዚህ የኮሪደር ልማት ጊዜ ጥያቄው የዋዛ ስላልሆነ ቶሎ አስረዱ፤ ከተቻለ ጨርቁ ሥር አስገብታችሁ አሳዩ፤ ተዘቅዝቆ ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ጠባቂያችሁ ይሆናል። በቤተ መንግሥት፣ በኤምባሲ፣ በጦርና በፖሊስ ግቢ ዙሪያ ካሜራውን አትትከሉ። በሌላ ሕንፃ በር ላይ ዕቃው ከመፈታቱ በፊት «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ፤ ይህን በር ፎቶ ለማንሳት ማንን ላስፈቅድ?» ብላችሁ ጀምሩ። በጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ቅዳሴ እስኪያበቃም ጠብቁ።

ሊስትሮ ወይም ጋዜጣ ሻጭ ከተቀመጠበት ስታነሱ ችግሩ ፎከስ ነው። ሆልደሩን ስታስገቡ ሰውየው ሁለት ጣት ያህል ወደፊት ካዘነበለ ዓይኑ ይደበዝዛል። ከሌንሱ ሥር ክር እሰሩና ፎከስ ስታደርጉ አገጩ ጋ የደረሰበትን ቋጥሩ፤ ስላይዱን ከመሳባችሁ በፊት ቋጠሮው አገጩን እንዲነካ አድርጋችሁ ክሩን ልቀቁት። ቅርብ ስትሆኑ ወናፉ ይረዝማል፤ ከሌንሱ እስከ መስታወቱ ያለው ርቀት ለ150 ሌንስ 210 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አንድ ስቶፕ፣ 300 ከደረሰ ሁለት ስቶፕ ጨምሩ።

እጥበት

ኤችፒ5 ፕላስን በኢልፎርድ አይዲ-11፣ አንድ እጅ መድኃኒት በአንድ እጅ ውኃ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ13 ደቂቃ እጠቡ፤ ኤፍፒ4 ፕላስ ከሆነ 11 ደቂቃ። ማቆሚያ (የአጣቢውን መድኃኒት ሥራ የሚያስቆም ፈሳሽ) ካጣችሁ 5 በመቶ ነጭ አቼቶ አንድ እጅ በሁለት እጅ ውኃ ይተካዋል። ውኃ የሚጠፋበት ቀን ስላለ ጄሪካን ሞልታችሁ ጀምሩ። በታንክ ለምታጥቡ ደግሞ ከፊክሰር (ምስሉን ከሚያጸናው መድኃኒት) በኋላ የቧንቧ ውኃ ማፍሰስ አያስፈልግም፦ ታንኩን ሞልታችሁ 5 ጊዜ ገልብጡ፣ ድፉ፤ ሞልታችሁ 10 ጊዜ፣ ድፉ፤ ሞልታችሁ 20 ጊዜ፣ ድፉ። ሦስት ሙሊት ውኃ በቂ ነው፤ የውኃው ሙቀት ግን ከመድኃኒቱ ብዙ አይራቅ።

ፊልም ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ ሳጥኑን በእጅ ሻንጣ እንዲይዘውና በአየር ማረፊያ በእጅ እንዲፈተሽ እንዲጠይቅ ንገሩት። አዲሶቹ የሲቲ መፈተሻ ማሽኖች በአንድ ጊዜ እንኳ ፊልም ሊያበላሹ ይችላሉ። ሳጥኑ ከጨለማ ውጭ መከፈት እንደሌለበትም ላዩ ላይ በትልቁ ይጻፍበት።