ፍርሃቱ እስኪለቅ አትጠብቁ፦ ተቀምጦ የቀረን እምነት ወደ ሥራ ስለ ማስነሣት

ሐዋሳ ውስጥ መንፈሳዊ ጉባኤ የሌለበት ሳምንት የለም። በሳምንቱ መካከል የጸሎት ፕሮግራም፣ ዓርብ የአዳር ጸሎት፣ እሑድ አምልኮ አለ፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲሆን ደግሞ በከተማው መካከል ወዳለው የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን የሚጎርፈው ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ለዓመታት በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ መዝሙሩን በቃሉ የሚያውቅ፣ ስብከቱንም በማስታወሻ የሚጽፍ፣ ሆኖም እምነቱ ከወንበሩ አስነሥቶ ወደ ማንም ደጅ ያልወሰደው ክርስቲያን አለ። ይህ ሰው ሰነፍ ነው ብዬ አላምንም፤ ብዙውን ጊዜ የፈራ ሰው ነው። ምክሬን የምጽፈውም ለእርሱና ለእርሷ ነው። ምክሩ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ ፍርሃት አስቀድሞ ለቅቆ ከዚያ በኋላ መታዘዝ አይጀመርም፤ እየፈሩ በትንሹ መታዘዝ ሲጀመር ነው ፍርሃት ሥልጣኑን እያጣ የሚሄደው።

የመጀመሪያው ሥራ የፈሩትን ነገር ለይቶ ማወቅ ነው። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአማኞች መካከል ፍርሃት በራሱ ስም ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። «እየጸለይኩበት ነው»፣ «የጌታን ጊዜ እየጠበቅሁ ነው»፣ «ለዚህ ጸጋው የለኝም» በሚሉ መልካም ቃላት ተሸፍኖ ይኖራል። እነዚህ ቃላት እውነት የሚሆኑበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። እውነት መሆናቸውን ለመፈተን ግን ለራሳችሁ ሁለት ጥያቄ አቅርቡ። በዚህ ጉዳይ መጸለይ የጀመርሁት መቼ ነው? ምን ዓይነት መልስ ቢመጣልኝ ነው የምነሣው? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካጣችሁ፣ ጸሎታችሁ መልስ የሚጠብቅ ጸሎት ሳይሆን ውሳኔን ወደ ነገ የሚገፋ ልማድ ሆኗል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ደብተር አውጥታችሁ በዚህ ሳምንት ልታደርጉት ይገባችሁ የነበረውንና የተዋችሁትን አንድ በጎ ነገር ጻፉ፤ ከሥሩም «ባደርገው ምን ይደርስብኛል ብዬ ነው የተውሁት?» ብላችሁ መልሱን ሳታስጌጡ አስፍሩት። በእኛ ከተማ የምሰማቸው መልሶች በአብዛኛው ከሦስት አያልፉም። አንደኛው ይሉኝታ ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል፣ ጻድቅ ልሁን ባይ ይለኛል» የሚለው ፍርሃት። ሁለተኛው የእውቀት ማነስ ነው፤ «ብጠየቅ መልስ የለኝም» የሚለው። ሦስተኛው በአደባባይ የማይነገር ቢሆንም ከሁሉ ይልቅ እጅና እግርን የሚያስር ይመስለኛል፦ «እጄን አንዴ ከዘረጋሁ መመለሻ የለውም፤ ችግረኛ ሁሉ ደጄ ላይ ይሰለፋል» የሚለው ነው።

የፍርሃቱ ዓይነት ሲታወቅ መድኃኒቱም ይለያል። የሦስተኛው መድኃኒት አስቀድሞ ልክን መወሰን ነው። የአንጾኪያ ደቀ መዛሙርት በይሁዳ ለነበሩት ወንድሞች እርዳታ የላኩት እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው መጠን ነው እንጂ ያላቸውን ሁሉ አሟጠው አልነበረም (ሐዋ. 11፥29)። ከደመወዛችሁ በወር ለዚህ የምታወጡትን ገንዘብና የምትሰጡትን ሰዓት ወስኑ፤ ከዚያ በላይ ስትጠየቁ «ለዚህ ወር አቅሜ ይህ ነው» ማለትን ተለማመዱ። ወሰን ያለው ቸርነት ዓመታትን ይዘልቃል፤ ወሰን የሌለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይጀመር ይቀራል።

የእውቀት ማነስን የሚፈሩ ደግሞ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9ን በጥሞና ያንብቡ። ዓይኑ የበራለት ሰው በፈሪሳውያን ፊት ቆሞ ሲመረመር የሚከራከርበት ትምህርት አልነበረውም፤ «ዕውር እንደ ነበርሁ አሁንም እንዳይ ይህን አንድ ነገር አውቃለሁ» አለ። ወላጆቹ ግን ከምኵራብ እንዳይወጡ ፈርተው «ጠይቁት፣ ሙሉ ሰው ነው» ብለው ነገሩን ወደ ልጃቸው መለሱ። የሚመሰክር ሰው ከሚያውቀው አንድ ነገር ተነሥቶ መናገር ይበቃዋል፤ የማያውቀውን ሲጠየቅም «ይህን አላውቅም፣ ጠይቄ እመለሳለሁ» ማለት ነውር አይደለም።

ይሉኝታ ግን ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት እፈልጋለሁ። የሰውን አፍ ስንፈራ፣ በልባችን ውስጥ ሰው ገዝፎ እግዚአብሔር አንሷል፤ ወይም ደግሞ እግዚአብሔርን እንደ ጨካኝ ተቆጣጣሪ እያየነው ነው። በመክሊቱ ምሳሌ አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ያቀረበውን ምክንያት አስተውሉ። ጌታውን «ጨካኝ ሰው እንደ ሆንህ አውቃለሁ» አለው፤ ቀጥሎም «ፈራሁም፣ ሄጄም መክሊትህን በምድር ቀበርሁት» አለ (ማቴ. 25፥24-25)። መክሊቱን አላባከነውም፣ አልሰረቀውም፤ አደጋ እንዳይደርስበት ብሎ ቀበረው። ፍርሃቱ የመነጨው ስለ ጌታው ከነበረው የተሳሳተ አመለካከት ነው። ስለዚህ ከመታዘዝ በፊት በየማለዳው ጥቂት ደቂቃ ወስዳችሁ ስለ እግዚአብሔር የምታስቡትን በቃሉ አርሙት። ሐዋርያው ጳውሎስ ወጣትነቱ ለመናቅ ምክንያት እንዳይሆንበት ላሰበለትና ስለ ሆዱ ሕመም ምክር ለሰጠው ለጢሞቴዎስ፣ «እግዚአብሔር የኃይልና የፍቅር ራስንም የመግዛት መንፈስ እንጂ የፍርሃት መንፈስ አልሰጠንምና» ሲል የጻፈለት ደካማ ሰው ደካማነቱን ሳይክድ የተሰጠውን ስጦታ እንዲያነሣሣ ነው (2 ጢሞ. 1፥6-7)።

እየፈሩ ስለ መታዘዝ ግን ከጌዴዎን ታሪክ የሚበልጥ መምህር አላገኘሁም። መልአኩ ሲያገኘው ስንዴውን ከምድያማውያን ለመሸሸግ በወይን መጭመቂያ ውስጥ ሲወቃ ነበር። የአባቱን የበኣል መሠዊያ እንዲያፈርስ በታዘዘ ጊዜም የአባቱን ቤተ ሰብና የከተማውን ሰዎች ስለ ፈራ በቀን አላደረገውም፤ አሥር ሰዎች ይዞ በሌሊት አፈረሰው (መሳ. 6፥27)። መጽሐፍ ቅዱስ መፍራቱን አልሸሸገም፤ በሌሊት ስላደረገውም ሲነቅፈው አናይም። መሠዊያው ፈርሷል። ወደ ምድያም ሰፈር እንዲወርድ በተነገረው ጊዜ ደግሞ እግዚአብሔር፣ ብቻህን ለመውረድ ከፈራህ ሎሌህን ፉራን ይዘህ ውረድ አለው (መሳ. 7፥10)። ጌዴዎንም ፉራን ይዞ ወረደ። ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገር እንማራለን። አደባባይ ላይ ማድረግ ካስፈራችሁ ማንም በማያይበት ሰዓት ጀምሩት፤ ብቻችሁን ካስፈራችሁ ደግሞ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ለአንድ ሰው የከበደ ጉብኝት ለሁለት ሲሆን ይቀላል።

አሁን «ዓላማዬ ምንድን ነው? ጥሪዬ የት ነው?» ወደሚለው ጥያቄ እንለፍ። ብዙ ወጣቶች ይህን ጥያቄ እንደ ታላቅ ምሥጢር ይዘው ከኮንፈረንስ ወደ ኮንፈረንስ ይዞራሉ። የነህምያ መጽሐፍ ምዕራፍ 3 ግን የኢየሩሳሌም ቅጥር እንዴት እንደ ተሠራ ሲዘረዝር፣ እከሌ «በቤቱ አንጻር» ሠራ እያለ ደጋግሞ ይነግረናል። ሽቶ ቀማሚውም ወርቅ አንጥረኛውም ከፊቱ ያለውን ፍርስራሽ አነሣ። እናንተም ከቤታችሁ አንጻር ያለውን ፍርስራሽ ተመልከቱ።

በሐዋሳ ይህ ፍርስራሽ ሩቅ አይደለም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር የመጡ ብዙ ወጣት ሴቶች በከተማዋ ዳርቻ ባሉ ሰፈሮች አንዲት ጠባብ ክፍል ለሁለት፣ ለሦስት፣ ከዚያም በላይ ሆነው ተከራይተው ይኖራሉ። አንዲቱ ስትታመም ጓደኞቿ ደመወዝ እንዳይቆረጥባቸው ማልደው በሰርቪስ ይሄዳሉ፤ እርሷ በሯ ገርበብ ብሎ ብቻዋን ትውላለች። የግቢው ሰው ሁሉ ውኃ ሊቀዳ ወደ ቧንቧው ሲመላለስ በበሯ ፊት ያልፋል፤ ሁሉም አይቷታል፣ ሁሉም አዝኖላታል፣ ማንም ግን አላንኳኳም፤ እያንዳንዱ «ባላውቃት እንዴት እገባለሁ?» ብሏልና። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው የስብከት ጸጋ አይደለም። አንድ ኩባያ አጥሚት ነው፤ ደግሞም በሩን የሚያንኳኳ እጅ።

ምን እንደምትናገሩ አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ ፍርሃት ቃል በጠፋበት ቦታ ይበረታልና። «እህቴ፣ እዚሁ ግቢ፣ ከቧንቧው አጠገብ ባለው ክፍል ነው የምኖረው። ሁለት ቀን ስላላየሁሽ ነው የመጣሁት። ትንሽ አጥሚት ይዤልሻለሁ፤ ሐኪም ቤት መሄድ ብትፈልጊም አብሬሽ እሄዳለሁ» ማለት ይበቃል። ጎብኚው ወንድ ከሆነ ብቻውን አይሂድ፤ ሚስቱን፣ እህቱን ወይም የግቢውን እናት ይዞ ይሂድ። አጥሚቱንም የስብከት ማጥመጃ አታድርጉት። እርሷ ብትጠይቅ ስለ እምነታችሁ ንገሯት፤ ባትጠይቅ ዕቃችሁን ተቀብላችሁ በሰላም ተመለሱ። በልብስ ስፌት በምትታወቅ ከተማ የምንኖር ሰዎች በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የተጻፈችውን ጣቢታን ብናስታውስ መልካም ነው፤ ስትሞት መበለቶቹ እያለቀሱ ለጴጥሮስ ያሳዩት የሰፋችላቸውን ልብስ ነበር።

ውሳኔያችሁን ስም፣ ቀንና ሰዓት ስጡት። «ሰውን መርዳት እጀምራለሁ» የሚል ውሳኔ እስከ ሰኞ አይቆይም። «ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከእህት እከሊት ጋር ያችን ልጅ እጠይቃለሁ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዛሬውኑም አብራችሁ ለምትሄዱት ሰው ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። የነፍስ አባት ያላችሁ ለነፍስ አባታችሁ፣ በመጋቢ ሥር ያላችሁ ለመጋቢያችሁ ያሰባችሁትን ንገሩ። ሰው ያወቀውን ቀጠሮ መተው ከባድ ነው፤ በዚህ በኩል ይሉኝታ እንኳ ይጠቅማል።

ጸሎታችሁም ይለወጥ። ጴጥሮስና ዮሐንስ ተዝቶባቸው ወደ ወገኖቻቸው በተመለሱ ጊዜ ምእመናኑ ዛቻውን እግዚአብሔር እንዲመለከተው ነገሩት፤ የለመኑት ግን ቃሉን በግልጥ ለመናገር ድፍረት እንዲሰጣቸው ነበር (ሐዋ. 4፥29)። እናንተም ፍርሃቱ እስኪወገድላችሁ ከመጸለይ ይልቅ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምታንኳኩት በር ድፍረት ለምኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብኝ። ፍርሃት ሁሉ ጠላት አይደለም። ጌታ ራሱ ደቀ መዛሙርቱን በአንዲት ከተማ ሲያሳድዷቸው ወደ ሌላይቱ እንዲሸሹ ነግሯቸዋል፤ ጳውሎስም በደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በቅጥሩ ወርዶ አምልጧል። የሚደበድባትን ባል የፈራች ሴት እምነት ጎድሏታል የሚል ሰው በደለኛ ነው። እንዲሁም እንቅልፍ የሚነሣ፣ ልብን በድንገት የሚያስደነግጥ፣ ለሳምንታትም የማይለቅ ጭንቀት ሕመም ሊሆን ይችላልና ከጸሎቱ ጋር ወደ አእምሮ ሐኪም መሄድ ይገባል፤ ይህን የሚከለክል መንፈሳዊነት ወንድሞቻችንን ጎድቷል።

ትልቁን ድፍረት የሚጠይቅ ቀን ሊመጣ እንደሚችልም አገራችን አይታለች። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል እያላቸው ሕዝባቸውን ጥለው አልሄዱም፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፣ ተገደሉም። እንዲህ ያለ ጽናት በአንድ ሌሊት የሚገኝ አይመስለኝም። ለጓደኛው እውነቱን መናገር የፈራ፣ የጎረቤቱን በር ማንኳኳት የፈራ ሰው፣ በዚያ ቀን እቆማለሁ ብሎ ራሱን ባያታልል ይሻለዋል፤ ዛሬ በትንሹ ይጀምር።

የመጀመሪያው ሙከራ ላይሳካ ይችላል። በሩ ላይከፈትላችሁ፣ «ምን ፈልገህ ነው?» ልትባሉ ትችላላችሁ። በዚያው ቀን ማታ አብራችሁ ከሄዳችሁት ሰው ጋር ተቀምጣችሁ የፈራችሁት ምን ያህሉ እንደ ደረሰ፣ ምን ያህሉ እንዳልደረሰ ጻፉ። የፈራነው ነገር ሲደርስ እንኳ ከገመትነው ያነሰ ሆኖ የምናገኘው ብዙ ጊዜ ነው፤ ይህን በገዛ እጃችሁ ጽፋችሁ ስታዩት ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይጠቅማችኋል። ወር ያህል ከቀጠላችሁ በኋላ ወደ አገልግሎት ኃላፊዎች ሄዳችሁ «የማገለግልበት ቦታ ስጡኝ» ከማለት ይልቅ «በእንዲህ ያለ ሰፈር እንዲህ ያሉ ሰዎችን እየጠየቅን ነው፤ ሁለት ሰው ጨምሩልን» በሉ። ሽማግሌዎችና መጋቢዎችም እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣላችሁ ለኮሚቴ ስብሰባ አታቆዩት፤ ሁለቱን ሰዎች በዚያው ሳምንት ስጧቸው።