አሜሪካ ውስጥ ለምርጫ ስትመዘገቡ ከዜግነት ማስረጃ ጋር የሚሠሩ ስህተቶች

ዋናውን ላስቀድም፦ የዜግነት ቃለ መሐላ ሳይፈጽሙ መመዝገብ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ግብር ይከፍላል፣ ቤት ይገዛል፣ ልጆች ያሳድጋል፤ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ግን ከ1996 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለእሱ ወንጀል ነው። የሲቲዝንሺፕ ፈተና አልፎ የመሐላ ቀጠሮ የሚጠብቀውም ያው ነው፣ ገና ዜጋ አይደለም። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) ውስጥ ነው። መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ፣ በ1993 በወጣ ሕግ መሠረት፣ ለምርጫ መመዝገብ ትፈልጉ እንደሆነ ትጠየቃላችሁ። ከኋላ ወረፋ አለ፣ እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ «የስ» ብሎ መፈረም ይቀላል። ያ ፊርማ ግን «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» ማለት ነው። በሐሰት ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ሊያስባርር ይችላል። ዜግነት የሚጠየቅበት ኤን-400 ፎርም ላይም ለምርጫ ተመዝግባችሁ እንደምታውቁ ይጠየቃል። «ሳላውቅ ነው» ማለት ሁሌ አያድንም። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ማንኛውንም ፎርም ከመንካቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር። (እንደ ሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነን ነዋሪ በከተማ ምርጫ የሚያሳትፉ ቦታዎች አሉ፤ ያ ለከተማው ብቻ ነው።)

ሌላው «እኔን ምንም ወረቀት አልጠየቁኝም» እያሉ ሌላ ስቴት ያለውን ዘመድ መምከር ነው። እውነት ነው፣ በአብዛኛው ስቴት ዜጋ ነኝ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጎ መፈረምና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር ወይም የሶሻል ሴኩሪቲን የመጨረሻ 4 አኃዝ መስጠት በቂ ሆኖ ቆይቷል። አሪዞና ግን በ2004 ሕዝቡ ባጸደቀው ሕግ ማስረጃ ትጠይቃለች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2013 የፌዴራሉን የምዝገባ ፎርም መቀበል አለባት ስላለ፣ ያለ ማስረጃ በዚያ ፎርም የተመዘገበ ሰው ለፌዴራል ምርጫ ብቻ ይመርጣል። ኒው ሃምፕሻየርና ዋዮሚንግም በቅርብ ዓመታት የማስረጃ ሕግ አውጥተዋል። ካንሳስ ደግሞ ሞክራ ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ምዝገባ ከታገደ በኋላ ፍርድ ቤት በ2018 ሕጉን ሻረው። ስለዚህ የራሳችሁን ስቴት የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ተመልከቱ እንጂ ቲክቶክ ላይ አትመኩ። ኤፕሪል 2025 የተወካዮች ምክር ቤት ለመላው አገር የሚሆን የማስረጃ ረቂቅ ሲያሳልፍ «ሕግ ሆነ» ብሎ ያወራው ሰው ብዛት! ሴኔት የሚባል ነገርም እኮ አለ፣ እሱም ካላጸደቀው ሕግ አይሆንም።

ሪል አይዲን (የፌዴራል መስፈርት የሚያሟላውን፣ ኮከብ ያለበትን መንጃ ፈቃድ ወይም መታወቂያ) የዜግነት ማስረጃ ማድረግም የተለመደ ነው። ኮከቧን ግሪን ካርድ ያለውም ያገኛታል። የሶሻል ሴኩሪቲ ካርድም ዜግነት አያሳይም።

ዜጋ ከሆኑ በኋላ የድሮ መዝገባቸውን የሚረሱም አሉ። መንጃ ፈቃዱን በግሪን ካርድ ካወጣችሁት፣ የዲኤምቪው ኮምፒውተር አሁንም ዜጋ አይደላችሁም ሊል ይችላል፣ ማስረጃ በሚጠይቅ ስቴት ደግሞ ይህ ምዝገባችሁን ያንጠለጥለዋል። ከመሐላው በኋላ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ ዲኤምቪ ሄዳችሁ አስቀይሩ።

ስም ደግሞ የኛ ሰው ፈተና ነው። የዜግነት (ናቹራላይዜሽን) ሰርተፊኬቱ ላይ «ኃይለሚካኤል» አንድ ቃል፣ መንጃ ፈቃዱ ላይ ለሁለት ተከፍሎ «ሚካኤል» የመሃል ስም ይሆናል። በመሐላው ጊዜ ስም የቀየረ ወይም አግብታ የባሏን ስም የያዘች ከሆነ፣ ሁለቱን ስሞች የሚያገናኘው የፍርድ ቤት ወይም የጋብቻ ወረቀት አብሮ ይያዝ።

ዋናውን የናቹራላይዜሽን ሰርተፊኬት ለምዝገባ ብላችሁ በፖስታ አትላኩ፣ ኮፒ ነው የሚላከው። ከጠፋ ምትኩ በኤን-565 ይጠየቃል፣ ገንዘብም ጊዜም ይበላል። ለማስረጃ የአሜሪካ ፓስፖርት ማውጣት ይሻላል።

በመጨረሻ፣ 18 የሞላው ልጃችሁ። ግሪን ካርድ ይዞ ከእናንተ ጋር እየኖረ 18 ሳይሞላው እናንተ ዜጋ ከሆናችሁ፣ እሱም በሕግ ወዲያው ዜጋ ሆኗል፤ በስሙ የወጣ ወረቀት ግን የለውም። የአባቱን ሰርተፊኬት ብቻ ይዞ ቢሄድ የእሱን ዜግነት አያሳይለትም፣ ፓስፖርት ወይም በኤን-600 የሚጠየቀውን የራሱን ሰርተፊኬት አስቀድማችሁ አውጡለት።