«መምህር፣ አይሰማም»፦ የትምህርት ፖድካስት ችግርና መፍትሄ

ኮየ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እኖራለሁ። የማስተምረውም ከቤቴ ብዙም በማይርቅ፣ ከከተማው ጫፍ ባለ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ስታትስቲክስ። ከክፍል በኋላ አጫጭር ማብራሪያዎችን በድምፅ እየቀረጽኩ በቴሌግራም ቻናል መልቀቅ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ተማሪዎቹ «ፖድካስት» ይሉታል፤ እኔም አልከራከርም።

የሚደርሰኝ ቅሬታ አብዛኛው በአንድ ቃል ነው የሚጀምረው፦ «አይሰማም»። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ በሽታው ብዙ ነው። ለአንዱ የቀረጽኩበት ክፍል አስተጋብቶበታል። ሌላው ታክሲ ውስጥ ነው። ሌላው ፋይሉን ጭራሽ አላወረደውም። አንዳንዱ ደግሞ ድምፁ ጥርት ብሎ ይደርሰዋል፤ ያልገባው የተባለው ነገር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ለሁሉም አንድ መድኃኒት ነበረኝ፤ ሌላ ማይክ መግዛት። ሁለት ገዛሁ፤ ሁለቱም አሁን መሳቢያ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ «የት ሆነህ፣ በምን ነው የሰማኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ግማሹ መልስ እዚያ ላይ ነው።

«ጉድጓድ ውስጥ ሆነው የሚያወሩ ይመስላል»

ይህ የክፍሉ ጥፋት ነው። የኮንዶሚኒየም ቤት ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ነው፤ ድምፅ ተመትቶ ይመለሳል እንጂ የሚውጠው ነገር የለም። ለማረጋገጥ ክፍሉ መሐል ቆማችሁ አንድ ጊዜ ጠንከር አድርጋችሁ አጨብጭቡ። ጭብጨባው ካለቀ በኋላም ጅራቱ የሚሰማ ከሆነ የትኛውም ማይክ አያድናችሁም።

መፍትሄው ሁለት ነው። የመጀመሪያው ማይኩን ወደ አፍ ማቅረብ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ከአፋችሁ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በ6 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል፤ ከግድግዳ እየነጠረ የሚመለሰው ግን ብዙም አይቀንስም። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ወንበር ተደግፎ ማውራት ማለት ግድግዳውን መቅረጽ ነው። ስንዝር ያህል አቅርቡት። ከአፍ ፊት ለፊት ግን አይሁን፣ ትንሽ ወደ ጎን ገለል ይበል፤ አለዚያ «ፖፑሌሽን» ባላችሁ ቁጥር ትንፋሹ ማይኩ ላይ ይፈነዳል። የእኛ ትምህርት ደግሞ ከዚህ ቃል ማምለጫ የለውም።

ሁለተኛው ጨርቅ ነው። እኔ የምቀርጸው ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ከፍቼ፣ ፊቴን ወደ ልብሱ አዙሬ፣ ከኋላ ጋቢ ተከናንቤ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ያየችኝ ቀን ጉንፋን ይዞኝ ባሕር ዛፍ የምታጠን መስሏት ነበር። ያስቃል፣ ግን ይሠራል። አስተጋብቶ የተቀረጸን ድምፅ በኋላ በኮምፒውተር ማጽዳት ከባድ ስለሆነ ከመነሻው መከላከል ይሻላል።

«ከኋላ የሆነ ነገር ይጮኻል»

እዚህ ላይ ድምፁን ለሁለት ክፈሉት፤ የማያቋርጥና የሚቆራረጥ።

የማያቋርጠው የፍሪጅ፣ የማራገቢያ፣ የኮምፒውተር ድምፅ ነው። ይህ ቀላል ነው። ንግግር ከመጀመራችሁ በፊት አምስት ሰከንድ ያህል ዝም በሉና ቅረጹ። ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ያንን ዝምታ ምረጡና «ኖይዝ ሪዳክሽን» ውስጥ ገብታችሁ ናሙና አስወስዱት፤ ከዚያ ሙሉውን ቅጂ መርጣችሁ አጽዱ። አታብዙት፤ ሲበዛ ድምፃችሁ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይሆናል። ዝቅ ያለ «ምምምም» ከሆነ ደግሞ ከ50 ኸርዝ የኤሌክትሪክ መስመር የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ቅረጹ። በየመሐሉ «ጥርርር» የሚል ካለ ስልካችሁ ከኔትወርክ ጋር እየተነጋገረ ነው፤ አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። አለዚያ ገና ሲጥማችሁ የሆነ ሰው ይደውላል።

የሚቆራረጠው ሌላ ታሪክ ነው። የእኛ ሰፈር ገና እየተገነባ ያለ ሰፈር ነው። ጠዋት ቆራሌው ይጠራል፣ ረፋድ ላይ አሸዋ የጫነ ሲኖ ትራክ ያልፋል፣ ከሰዓት በኋላ ታች ያለው ብየዳ ቤት ግራይንደሩን ያስነሳል። ይህን ማጽጃው አያወጣውም፤ እሱ የሚያውቀው ሳይለዋወጥ የሚቀጥል ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ አትታገሉ። ቁሙ፣ እስኪያልፍ ጠብቁ፣ አንድ ጊዜ አጨብጭቡና ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሙት። ጭብጨባው በስክሪኑ ላይ እንደ ሹል ተራራ ቆሞ ስለሚታይ የሚቆረጠውን ቦታ ለማግኘት መልሶ ማዳመጥ አያስፈልግም።

እኔ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እቀርጻለሁ። ያኔ የሚቀረው ውሻና ጅብ ነው። ጅቡ አንድ ጊዜ ስለ ናሙና ስናገር ገብቶብኝ ሳልቆርጠው ለቀቅኩት፤ የዚያን ሳምንት ያህል የተሰማ ቅጂ እስካሁን የለኝም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የምትኖሩ ግን ክረምት ላይ ምርጫ የላችሁም፤ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው።

«ቤት ይሰማል፣ ታክሲ ውስጥ አይሰማም»

ይህን በራሴ ጆሮ ሳላረጋግጥ አንድ ዓመት አለፈኝ። ብዙ ተማሪዎቼ፣ በተለይ የማታዎቹ፣ የሚያዳምጡት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ ነው። የሚኒባስ ሞተር ዝቅ ያለውን ድምፅ ይውጠዋል። እኔ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ስጨርስ ድምፄን እጥላለሁ፤ ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ታዲያ የሐሳቡ መቋጫ፣ ዋናው ነገር፣ ሞተሩ ውስጥ ይቀራል።

ድምፁን ከፍ ማድረግ ብቻ አይበቃም፤ ጮክ ያለው ይሰነጠቅና ቀስ ያለው እዚያው ይቀራል። በኦዳሲቲ መጀመሪያ «ኮምፕሬሰር» ተጠቀሙ፤ ጮክ ያለውን ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን ያጠባል። ቀጥሎ «ላውድነስ ኖርማላይዜሽን» የሚለው ላይ መጠኑን −16 ሉፍስ (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) አድርጉት፤ ብዙ ፖድካስቶች የሚወጡት በዚህ አካባቢ ነው። ከዚያ ስልካችሁ ላይ ጫኑትና ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ አዳምጡት። ቤት ቁጭ ብሎ በጥሩ ማዳመጫ መፈተን ራስን ማታለል ነው።

«ማይክ ከሰኩ በኋላ ጭራሽ ባሰ»

ደረት ላይ የሚሰካው ባለ ገመድ ማይክ ከሆነ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ አንዱ ለካሜራ፣ አንዱ ለስልክ የሆነበት አለ፤ ለስልክ ወደሚለው መልሱት። መሰኪያው ላይ ያሉትን ጥቁር ቀለበቶች ቁጠሩ፤ ስልክ ሦስት ቀለበት ይፈልጋል፣ ሁለት ያለው የካሜራ ነው። ብሉቱዝ ማዳመጫ ደግሞ ሙዚቃ ቢያሳምርም ማይኩ ሲበራ ጥራቱ የስልክ ጥሪ ይሆናል፤ ለመቅረጽ አትጠቀሙበት። ከዚህ ሁሉ በኋላም ካልሆነ ማይኩን ነቅላችሁ በራሱ በስልኩ ቅረጹ፤ እውነቴን ነው።

«አልወርድ አለኝ»

ብዙውን ጊዜ ኔትወርኩ ሳይሆን ፋይሉ ነው። ዌቭ የሚባለው ያልተጨመቀ ቅጂ በአንድ ድምፅ መስመር እንኳ በደቂቃ 5 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ አሥር ደቂቃው ከ50 በላይ ማለት ነው። ያንኑ በኤምፒ3፣ ሞኖ (በአንድ ድምፅ መስመር)፣ 64 ኪሎቢት በሰከንድ ብታወጡት አሥሩ ደቂቃ 5 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም። ለንግግር ይህ በቂ ነው፤ ስቴሪዮ ለአንድ ሰው ወሬ ጥቅም የለውም። ተማሪ ስልኩ ሁልጊዜ ሞልቶ፣ ጥቅሉ ሁልጊዜ ሊያልቅ የቀረበ መሆኑን አስቡ። ፋይሉን ስትለቁ መጠኑንና ርዝመቱን ከሥሩ ጻፉለት፤ አሁን ያውርደው ወይስ ሌሊት ጥቅል ሲገዛ፣ እሱ ይወስን።

ማንም ቅሬታ የለውም፣ ማንም አያዳምጥም

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምልክቱ ዝምታ ስለሆነ።

መጀመሪያ የሚመጣው ሐሳብ ተማሪውን መውቀስ ወይም ዕቃውን መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎቹ በሙሉ አይፖድ የሚባለውን የኪስ ድምፅ ማጫወቻ አድሎ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን አሠራሩን ቀይሮ ዕቃው በእርግጥ ሥራ ላይ ለሚውልባቸው ኮርሶች ተማሪዎች ብቻ አደረገው። ጆሮ ላይ የሚሰካ ነገር መስጠትና የሚደመጥ ነገር መስጠት የተለያዩ መሆናቸውን እኛም በሌላ መንገድ አይተነዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማርን ሰዎች ፕላዝማን እናስታውሳለን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይጠብቃል፣ «ጎበዞች!» ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነን።

የእኔም የመጀመሪያ ቅጂዎች ፕላዝማ ነበሩ። ሙሉ የክፍል ትምህርት፣ 50 ደቂቃ፣ «ድምፅ 0023» በሚል ስም። ውጤቱ ሁለት ሆነ፦ ቅጂውን የሚያዳምጥ ጠፋ፣ ክፍል የሚመጣውም ቀነሰ፤ «ይለቀቃል» እየተባለ። አሁን ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን አልቀርጽም። ከክፍል ስወጣ ተማሪዎቹ በቁራጭ ወረቀት ላይ ያልገባቸውን አንድ ነገር ጽፈው ይሰጡኛል፤ ብዙ ሰው የጻፈውን አንዷን መርጬ ከአሥር ደቂቃ በማይበልጥ እመልሳታለሁ። ስሙ «ምዕራፍ 3፦ አማካይ መቼ ይዋሻል?» ዓይነት ይሆናል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ እተዋለሁ፤ የሚቀጥለው ክፍል የሚጀምረው በሱ ነው። ካላዳመጠ መግቢያው ላይ ይታወቅበታል። ክፍል ካልመጣ ደግሞ ቅጂው ትርጉም አይሰጠውም።

«ተሰምቷል፣ ግን አልገባኝም»

የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፣ የማብራራው በአማርኛ ነው፤ ከፊሎቹ ተማሪዎች ግን አማርኛቸውም ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው። ስለዚህ የሙያውን ቃል መጽሐፉ ላይ እንዳለ ሁለት ጊዜ ቀስ ብዬ እላለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው የማወራው። ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገር ቀንሻለሁ፤ ሳላውቀው ለግማሹ ክፍል የተቆለፈ በር ነበር።

ትልቁን ስህተቴን የነገረኝ ግን አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ነው። እንደሱ ያሉ ልጆች ሌላ ሰው እያነበበላቸው በካሴት ሲማሩ የኖሩ ሰዎች ታናናሾች ናቸው፤ በጆሮ መማርን ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ቢሮዬ መጥቶ፣ «መምህር፣ ‹ይኼን ከዚህ ቀንሳችሁ› ሲሉ የቱን ከየቱ ነው?» አለኝ። ቅጂውን ከፍቼ አዳመጥኩት። በስምንት ደቂቃ ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ «ይኼ»፣ «እዚህ ጋ»፣ «እንደምታዩት» ብያለሁ። የምጠቁምበት ሰሌዳ ሳይኖር በእጄ እየጠቆምኩ ነበር። ታክሲ ውስጥ ያለው ዓይናማ ተማሪም እኮ ያኔ ዓይነ ስውር ነው፤ እሱ ግን «አይሰማም» ብሎ አለፈው።

አሁን «እያንዳንዱን ቁጥር ከአማካዩ ቀንሱ፤ ልዩነቱን በራሱ አባዙት» እላለሁ። ግራፍ ከሆነ ቅርጹን እናገራለሁ፤ ከየት ይነሳል፣ የት ላይ ከፍ ይላል፣ በየትኛው ወገን ጭራው ይረዝማል። ቀመር በጆሮ ብቻ አይያዝም፤ በእጅ ጽፌ ፎቶውን ከቅጂው ሥር አያይዛለሁ፣ ለዓይነ ስውራን ደግሞ ስልካቸው ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብላቸው በጽሑፍ።

ልጁ አሁን ሦስተኛ ዓመት ነው። ቅጂ ከመልቀቄ በፊት ለሱ እልክለታለሁ። ባለፈው ሳምንት የላክሁትን በአንድ መስመር መለሰልኝ፦ «መምህር፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ ‹እንደምታዩት› ብለዋል።» ጋቢዬን ተከናንቤ እንደገና ቀረጽኩት።