ያረጀ የባሕር ዳር ኃይል ማመንጫ የሚለቀውን ውኃ ከተማ እንዴት ይቃወማል? ከሬዶንዶ ቢች የተወሰደ መመሪያ

በባሕር ዳር የተተከለ የድሮ ኃይል ማመንጫ ተርባይኑን ያዞረውን እንፋሎት የሚያቀዘቅዘው በባሕር ውኃ ነው። ውኃውን ይስባል፣ እንፋሎቱን መልሶ ውኃ በሚያደርገው በኮንደንሰሩ ቱቦዎች ያሳልፋል፣ ሞቆ የወጣውን መልሶ ይለቃል። ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ ያለችው ሬዶንዶ ቢች ከእንዲህ ያለ ጣቢያ ጋር ለዓመታት ተሟግታለች። ጣቢያው በ2020 መጨረሻ ሊያቆም የተቆረጠለት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞለት የቆመው በ2023 መጨረሻ ነው (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ሂደቱ የካሊፎርኒያ ቢሆንም የፌዴራሉ ሕግ ክፍል በሌሎች ስቴቶችም ይሠራል።

መጀመሪያ ማን እንደሚወስን ለዩ። የከተማው ምክር ቤት የፍሳሽ ፈቃዱን መሰረዝ አይችልም። ጉዳዩ ሁለት በር አለው። የፍሳሽ ፈቃዱን የሚሰጠው የሎስ አንጀለስ ክልል የውኃ ጥራት ቦርድ ሲሆን ፈቃዱ ቢበዛ ለአምስት ዓመት ይጸናል። ጣቢያው በባሕር ውኃ መቀዝቀዝ የሚያቆምበትን ቀን የሚቆርጠው ደግሞ የስቴቱ የውኃ ቦርድ ነው፤ ይህም በ2010 ባወጣው ፖሊሲ መሠረት ነው። ብዙ ነዋሪ በክልሉ ቦርድ ፊት ቆሞ «ዝጉልን» ይላል። የክልሉ ቦርድ ግን ቀኑን ከስቴቱ ተቀብሎ ይጽፋል እንጂ አይቆርጥም። እዚያ መከራከር የሚያዋጣው ስለ መጠን፣ ስለ ሙቀትና ስለ ኬሚካል ነው።

የፈቃዱን ረቂቅ ስታነቡ ከሙቀቱ በፊት የሚሳበውን የውኃ መጠን ፈልጉ። ትልልቁ ዓሣ ወንፊቱ ላይ ተጣብቆ ይሞታል፤ እንቁላልና ዕጭ ግን አልፎ ገብቶ በቱቦው ውስጥ ያልቃል። ይህ ጉዳት የሚከተለው ፓምፑን እንጂ የመነጨውን ኤሌክትሪክ አይደለም። ስለዚህ ጣቢያው አንዲት ሜጋዋት ሳያመነጭ ፓምፑ ቢዞር ጉዳቱ አይቀርም። የስቴቱ ፖሊሲ ለዚህ ቁልፍ አንቀጽ አለው፦ ከጥቅምት 1 ቀን 2011 ጀምሮ ኃይል የማያመነጭ፣ አስፈላጊ ጥገና ላይም ያልሆነ የማመንጫ ክፍል ውኃ መሳብ ማቆም አለበት። ባለቤቱ የተወሰነ ፍሰት ለሥራው የግድ መሆኑን ካስረዳ ብቻ ይፈቀድለታል። ፖሊሲውን ለማሟላት በተቀመጠው የመጀመሪያ መንገድ የሚሳበው ውኃ ቢያንስ በ93 በመቶ መቀነስ አለበት፣ የመሳቢያው ፍጥነትም በሰከንድ ከ0.5 ጫማ ማለፍ የለበትም።

ማስረጃው በእጃችሁ ነው። የየቀኑን የውኃ ፍሰት ከፍሳሽ ክትትል ሪፖርቱ አውጡ። የየሰዓቱን የኃይል ምርት ደግሞ ጣቢያው ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስለ ጭስ ከሚልከው መረጃ ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። በአንድ ሠንጠረዥ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ምርቱ ዜሮ ሆኖ ፓምፑ የዞረባቸውን ቀኖች ቁጠሩ። ከሃያ ሰው ንግግር ይህች አንዲት ገጽ ትበልጣለች።

በሙቀት ላይ የተለመደው ስሕተት የሚመጣው ከልኬት ለውጥ ነው። የካሊፎርኒያ የሙቀት ዕቅድ ለአዲስ ፍሳሽ የሚፈቅደው ከባሕሩ የተፈጥሮ ሙቀት በላይ 20 ዲግሪ ፋራናይት ነው። ይህ ልዩነት ስለሆነ 32 አይቀነስለትም፤ በ1.8 ብቻ ተካፍሎ 11.1 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሆናል። 32 ቀንሶ «ከዜሮ በታች» የሚል ቁጥር ይዞ የቀረበ ተቃዋሚ ቀሪው ንግግሩ አይሰማለትም። ደግሞም ለነባር ፍሳሽ የተጻፈው ሌላ ነው፦ የውኃውን ጠቀሜታዎች ለመጠበቅ የሚያስፈልግ ገደብ ይቀመጥ ይላል። የአዲሱን ቁጥር በአሮጌው ላይ እንደ ሕግ አትጥቀሱት።

ሪፖርት የተደረገውን ሙቀት በራሳችሁ ስሌት ፈትሹ። የድሮ የእንፋሎት ጣቢያ ለአንድ ሜጋዋት ኤሌክትሪክ ወደ 1.5 ሜጋዋት ሙቀት ወደ ውኃው ይጥላል። አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውኃ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ለማሞቅ 4 ሜጋጁል ያህል ይበቃል። ጣቢያው 200 ሜጋዋት ቢያመነጭ፣ በቀን 228 ሚሊዮን ጋሎን ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ቢለቅ፣ 300 ለ40 ሲካፈል 7.5 ዲግሪ ይመጣል። ሪፖርቱ 3 ዲግሪ ካለ ቴርሞሜትሩ የት እንደተተከለ፣ ቁጥሩም የቀኑ አማካይ ይሁን ወይስ የዚያች ሰዓት፣ ጠይቁ።

ኬሚካሉ ላይ ደግሞ ናሙናው መቼና ከየት እንደተቀዳ ነው ነገሩ። ቱቦው ውስጥ ልጋግ መሰል የባክቴሪያ ሽፋንና ዛጎል ያላቸው የባሕር እንስሳት እንዳይበቅሉ ክሎሪን ይጨመራል። በፌዴራሉ ደንብ 25 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ በሚያመነጭ ጣቢያ የቀሪ ክሎሪን ጣሪያ በሊትር 0.20 ሚሊግራም ነው፤ ከአንድ የማመንጫ ክፍልም በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መልቀቅ በመደበኛው አይፈቀድም። ናሙናው ክሎሪን በማይጨመርበት ሰዓት ከተቀዳ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው! በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልተመረመረም ክሎሪኑ ይጠፋና ውጤቱ አይረባም። ከእንፋሎት ማፍያው እጥበት የሚወጣው መዳብና ብረት ያለበት ውኃ ደግሞ ከማቀዝቀዣው ውኃ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት መለካት አለበት። ከተቀላቀለ በኋላ ምንም አይገኝበትም፤ ጠላ ውስጥ ጠብታ ቀለም እንደመፈለግ ነው።

አስተያየታችሁን በጽሑፍ አስገቡ። ረቂቁ ከታወጀ በኋላ ቢያንስ 30 ቀን አለ። በጽሑፍ ያልተነሳ ነጥብ በኋላ በይግባኝ ሊዘጋባችሁ ይችላል፤ ስለዚህ የምትጠረጥሩትን ሁሉ ያኔ ጻፉት። «ፍሳሹ ባሕራችንን ያበላሻል» ማለት መልስ አያስገድድም። «የክሎሪን ናሙና ክሎሪን በሚጨመርበት ሰዓት ይቀዳ የሚል ዓረፍተ ነገር በክትትል ክፍሉ ይጨመር፤ ምክንያቱም በረቂቁ ሰዓቱ አልተወሰነም» ማለት ግን የቦርዱ ባለሙያ ሊቀበለው ወይም ለምን እንዳልተቀበለ ሊጽፍለት የሚገባ ነው።

ጣቢያው በሚቆምበት ቀን ላይ የሚደረገው ክርክር ሌላ መሣሪያ ይፈልጋል። ሬዶንዶ ቢች የተሸነፈችው በዓሣ ምክንያት አይደለም። ነሐሴ 14 እና 15 ቀን 2020 ካሊፎርኒያ በሙቀት ማዕበል ኃይል አጥሯት መብራት በየተራ ጠፋ፤ መስከረም 1 የስቴቱ ቦርድ ቀኑን በአንድ ዓመት አራዘመ፣ በጥቅምት 2021 ደግሞ በሁለት። ስለ ቀኑ ለስቴቱ ቦርድ ምክር የሚያቀርበው የሰባት መሥሪያ ቤቶች አማካሪ ኮሚቴ ነው፤ የኃይል ኮሚሽኑና የኤሌክትሪክ መረቡ አስተዳዳሪ በውስጡ አሉ። ኮሚቴው ሪፖርቱን በየዓመቱ እስከ መጋቢት 31 ያቀርባል። ከተማው በዚያ ወር ዝም ብሎ በመስከረም ቢጮህ ጊዜው አልፏል። የሚቀጠረው ባለሙያ የባሕር ሕይወት አዋቂ ብቻ ሳይሆን በምሽት የኃይል ፍላጎት ሰዓት ስንት ሜጋዋት በባትሪ እንደሚተካ የሚያሰላ መሐንዲስም ይሁን።

ውሳኔው ቢከፋባችሁ የክልሉን ቦርድ ውሳኔ ለስቴቱ ቦርድ በ30 ቀን ውስጥ ይግባኝ ትላላችሁ። ይግባኙ ብቻውን ፈቃዱን አያግድም፤ እግድ ከፈለጋችሁ ጉዳቱን በመሐላ ማስረጃ አስደግፋችሁ ለብቻው ጠይቁ።

ፈቃዱ ጊዜው አለፈ ብላችሁም አትዘናጉ። ባለቤቱ ቢያንስ 180 ቀን አስቀድሞ የእድሳት ማመልከቻ ካስገባ አዲሱ እስኪወጣ አሮጌው ይቀጥላል። ጣቢያው ማምረት ባቆመ ማግስት የፈቃዱ መሰረዣ ደብዳቤ መግባቱን፣ የግቢው የዝናብ ጎርፍም በሌላ ፈቃድ ሥር መሄዱን የክልሉን ቦርድ በጽሑፍ ጠይቁ።